የጠበሉ ሥር ያልኩት ድኝ

ከሞጣ ቢቸና ሚኒባሱን ቀድሜ በእግሬ እገባለሁ። እንዲህ ያደረገኝ ድኝ ነው። ጉልበቴ የወይፈን፣ ጥፍሬ የንስር ሆኗል፤ ከራሴ ላይ የሸሸው ፀጉር እንኳ ይቅርታ ጠይቆ ሊመለስ ዳር ዳር እያለ ነው። ይህን ላገኘሁት ሁሉ ስደሰኩር የሰማ ሰው ቢቸና መናኸሪያ ላይ ስወርድ ቢያየኝ ይታዘበኝ ነበር። ፊቴን ወደ መኪናው አዙሬ፣ በሩን በሁለት እጄ ጨብጬ፣ ከመሰላል እንደሚወርድ ሰው ወደ ኋላዬ ነው የምወርደው። ረዳቱም «አባት፣ ቀስ!» ይለኛል። አባት የምባልበት ዕድሜ ላይ ግን ገና አልደረስኩም።

ድኙን ያስለመደኝ ሞጣ ጨርቅ የሚነግድ ሙስሊም ጎረቤቴ ነው። እኛ ድኝ ስንል የምናውቀው ለእከክ የሚቀባውን ቢጫውን ነበር። የእሱ ግን ነጭ ዱቄት ነው፤ በካፕሱል ተሞልቶ በፕላስቲክ ዕቃ ይመጣል። ሻጮቹ ያሉትን ሁሉ ነገረኝ፤ መገጣጠሚያ ያላላል፣ ቆዳ ያጠራል፣ ደም ያጥባል፣ እንቅልፍም ይሰጣል።

«ያንተን የሚያምህን ትከሻስ አላላው?» አልኩት።

«ወላሂ፣ አንዳንድ ቀን ይሻለኛል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ያው ነው።»

«ይሻለኛል» ያላትን ይዤ «ያው ነው» ያላትን እዚያው ሱቁ ውስጥ ጣልኳት።

ችግሩ የካፕሱሉ ልባስ ከእንስሳ ይሠራል መባሉ ነበር። እሱ «አሳማ ቢሆንስ?» ብሎ አይውጠውም፤ እኔም ሁዳዴ ላይ ነኝ። ስለዚህ ሱቁ ተቀምጠን ካፕሱሉን እንደ ባቄላ እሸት እየፈለፈልን ዱቄቱን በጠርሙስ እናጠራቅም ጀመር። «ስንት ሽማግሌ ያቃተውን፣ ሁለታችንን በአንድ ማዕድ አሳማ አስቀመጠን» እያልኩ አስቀዋለሁ።

ከዚያ ዱቄት ለታላቅ ወንድሜ በትንሽ ጠርሙስ ይዤላቸው ሄድኩ። ወንድሜ ቢቸና አጠገብ ባለ ደብር ቄስ ናቸው። ጉልበታቸው እያበጠ ቅዳሴ መቆም አቅቷቸው ነበር። ቄስ የአገልግሎት ሳምንቱ፣ ሰሞኑ፣ ሲደርስ ካልቆመ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ወንድሜ ደግሞ ከዚህ ዓለም ከሰሞናቸው በቀር የሚፈልጉት ነገር አልነበረም።

«ምንድን ነው ይኼ፣ አንተ ቀልማዳ?» አሉኝ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንሥተው።

«ድኝ ነው፣ ወንድም ጋሼ።»

«እከክ ያዘኝ አልኩህ?»

«ለጉልበት ነው እንጂ! ፍል ውሃው ጠበል ለምን የሚሸት ይመስልዎታል? ድኝ ስላለበት እኮ ነው። ይኼ የጠበሉ ሥር ነው።»

ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን ገቱና ጠርሙሱን በነጠላቸው ጫፍ ቀስ ብለው ጠቀለሉት። ያን ጊዜ ነበር ልብ ማለት የነበረብኝ፤ ተራ መድኃኒት በነጠላ የሚጠቀልል ሰው የለም።

ወንድሜ ለደም ግፊት ከጤና ጣቢያ የተሰጣቸውን ክኒን ለዓመታት ሳያቋርጡ ይውጡ ነበር። በእኛ ዘንድ ግን ጠበል ጀምሮ ክኒን የሚውጥ ሰው እምነቱ ጎደሎ ነው የሚል ብዙ ነው። ዱቄቱን በባዶ ሆዳቸው፣ አማትበው፣ በውሃ ይጠጡት ጀመር። ክኒኑን ተዉት። እኔ ይህን አላወቅሁም።

ሰሞናቸው ደረሰና ሳምንቱን ሙሉ ቆሙ። «ቆምኩ እኮ!» አሉኝ በስልክ፤ ድምፃቸው የልጅ ድምፅ ሆኖ። እኔም ሞጣ ላይ ወሬውን አባዛሁት። በኔ አፍ ቄሱ ከመቆም አልፈው ጣሪያ ሊነኩ ትንሽ ነበር የቀራቸው።

በሚቀጥለው ሰሞን ከቅዳሴ ወጥተው ሕዝቡን ሲያሳልሙ መስቀሉ ከእጃቸው ወደቀ። ሊያነሡት ጎንበስ እንዳሉ እሳቸውም ወደቁ። «ሰይጣን ለክፏቸው ነው» ያለ ነበር። ሆስፒታል ስደርስ ቀኝ ጎናቸው በድን ሆኖ፣ አፋቸው ወደ ግራ ተጎትቶ አገኘኋቸው።

ነርሷ «የግፊት ክኒናቸውን ይወስዱ ነበር?» ብላ ጠየቀች።

«ጠበል ላይ ናቸው» አሉ ባለቤታቸው።

«የምን ጠበል?»

ባለቤታቸው ዞረው አዩኝ። «ወንድማቸው ያመጣላቸው።»

ነርሷ አልተቆጣችኝም። የጣላቸው ዱቄቱ አይደለም፣ ክኒኑን ማቆማቸው ነው አለች። እኔስ ምን ብል ጥሩ ነው? እዚያ፣ ወንድሜ እያቃሰቱ፣ «ለጉልበትስ ይሆናል?» ብዬ ጠየቅኋት።

«እሱን እኔ አላውቅም፣ ጋሼ» አለች። «ግፊት ግን አያወርድም።»



ሰሞናቸው ለሌላ ቄስ ተሰጠ። መስቀሉን በግራ እጄ ይዤ ሰው አላሳልምም ብለው ሳጥን ውስጥ አስቆልፈውታል። ባለፈው ልጠይቃቸው ስሄድ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ፣ ግራ እጃቸው ቀኙን እንደ ሕፃን ታቅፎት ነበር። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ጆሮዬን ያዙኝ።

«ያ… ዱቄት… ተርፏል?»

«ለምን፣ ወንድም ጋሼ?»

«ልቆም።»

«አልቋል» አልኳቸው።

አላለቀም። የኔ ጠርሙስ ሞጣ ቤቴ መደርደሪያ ላይ ከግማሽ በላይ አለ። ለጉልበቴ ምን እንደፈየደ አላውቅም፤ ከሚኒባስ ዛሬም የምወርደው ወደ ኋላዬ ነው። ዛሬ ጠዋትም አንድ ማንኪያ በውሃ በጥብጬ ጠጥቻለሁ።