ለአባቴ እጅ የተቀቡ በሮች

ዛሬ ጠዋት አባቴ ማንንም ሳይጠሩ ሽንት ቤት ደርሰው ተመለሱ። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ እንባዬን እጠርግ ነበር።

ለሌላው ዜና አይደለም፤ ለእኛ ቤት ግን ትልቅ ዜና ነው።

አባቴ ጉንደ ወይን አካባቢ ሲያርሱ የኖሩ ገበሬ ናቸው። ዓይናቸው ሲደክም ደብረ ማርቆስ እኔ ጋ አመጣኋቸው። የቤታችን የውስጥ በሮች ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ነጭ ናቸው። በቀደም ሽንት ቤት መስሏቸው እንግዳ ያረፈችበትን ክፍል ከፈቱ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ውሃ መጠጣት ቀነሱ። ለካ ሽንት ቤት ላለመሄድ ብለው ነው።

ለጎረቤታችን ለቀለም ቀቢው ለጋሽ ይርጋ ነገርኳቸው። «ዓይን ቢደክም እጅ አለ» አሉኝ። መጥተው በሮቹን ስቱኮ የተቀላቀለበት ወፍራም ቀለም ቀቡና ሳይደርቅ በማበጠሪያ አበጠሩት። የመኝታ ቤቱን ቀጥ ባለ መስመር፣ የሽንት ቤቱን በጠመዝማዛ።

(ማበጠሪያው የባለቤቴ ነው። እስካሁን እየፈለገው ነው።)

ዛሬ ጠዋት ቀለሙ ደርቆ ስለነበር የአባቴን እጅ ይዤ የመኝታ ቤቱ በር ላይ አሳረፍኩት።

ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና «ይሄማ ትልም ነው! ማነው እንዲህ ቀጥ አርጎ ያረሰው?» አሉ።

የሽንት ቤቱን በር ሲነኩ ደግሞ ሳቁ። «ይሄ ያልተገራ ወይፈን ያረሰው ነው። አሁን አይጠፋኝም ልጄ፤ በይ ልቀቂኝ።»

ለቀቅኳቸው።

ጋሽ ይርጋ፣ እጅዎን ቁርጥማት አይንካው።

እናንተስ ዓይናቸው ለደከመ ወላጆቻችሁ ቤት ውስጥ ምን ዘዴ ፈጠራችሁላቸው? ንገሩኝ፤ ገና ያልተቀባ አንድ በር አለኝ።