የባልቻ ዓሣ የታመመ ጊዜ

ስለ ባልቻ ዲላ ውስጥ ማንንም ብትጠይቁ፣ «ያ በሩን በሰው ላይ የዘጋው አናጢ» ይላችኋል። ወሬኛ ሁሉ! የእኔን ሱቅና የእሱን ቤት የሚለየው አንድ ጭቃ ግድግዳ ነው። ከእኔ ከሀጅራ፣ ከኡስማን እናት ስሙ።

ነገሩ በጃንሆይ ዘመን ነው። ባልቻ የጌዴኦ ልጅ፣ ዝምተኛ፣ ለሰው እንቢ ማለት የማይሆንለት ነበር። አንድ ግሪክ ቡና ነጋዴ በመስታወት የዓሣ ማኖሪያ አሠራውና፣ ባልቻ በተረፈው መስታወት ለልጁ ለቆንጅት ትንሽ ሠራላት። ዓሣውን ከአባያ ሐይቅ የሚመላለስ ሾፌር በጣሳ አመጣላት። ግሪኩ አንድ ነገር ብቻ አስጠንቅቆት ነበር፦ «ውሃው ውስጥ መድኃኒት አታብዛ፤ ዓሣው የሚተነፍሰው እሱን ነው።» ባልቻም የቧንቧ ውሃ ቀድቶ የመድኃኒት ሽታው እስኪወጣ ያሳድራል፣ ከድሮው ትንሽ ቀንሶ ትንሽ ይጨምራል፣ በቃ።

ቆንጅት መስታወቱን በጥፍሯ ኳ ኳ ስታደርግ ዓሣው እየበረረ ይመጣላታል። ድምፁ በግድግዳው አልፎ እኔ ሱቅ ይሰማል። አንዳንዴ «አንቺ ልጅ፣ ራሴን አዞርሽው!» ብዬ እጮህባታለሁ፤ ትስቃለች።

ከዚያ ልጅቷን ትኩሳት ያዛት። መቼም የታመመ ለመጠየቅ ባዶ እጅ አይኬድም፣ የመጣን መመለስም ነውር ነው። ድሬሰሩ ወንድይፍራው መርፌውን ወጋ። ከጨለለቅቱ የመጡ ሽማግሌ የቀቀሉትን ሥር አጠጧት። ጎረቤታችን እማማ አትጠገብ ጠበል አመጡ። አንዱ ነጭ ክኒን ሰጠ፣ ሌላው ቢጫ። እኔ ያመጣሁት ጥቁር አዝሙድ በማር ነው፤ ጥቁር አዝሙድ ደግሞ ማንንም ገድሎ አያውቅም፣ ወላሂ! ባልቻ ሁሉንም በሁለት እጁ እየተቀበለ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» እያለ አጠጣት። ልጅቷ ሞተች። በሽታው ይሁን መድኃኒቱ፣ አላህ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ኳኳታው ግን አልቆመም።

መጀመሪያ ባልቻ መስሎኝ ነበር። አንድ ከሰዓት ድምፁን ሰምቼ ብወጣ፣ ባልቻ ግቢው ውስጥ ጣውላ ይልጋል፣ ሚስቱ ወርቂቱ ከገበያ ገና እየመጣች ነው። ቤቱ ውስጥ ሰው የለም። ቢስሚላሂ ብዬ ሱቄን ዘጋሁ። ለወርቂቱ ብነግራት ምንም አልደነቃት። «እሷ ናት፣ ዓሣዋን ትጠራዋለች» አለችኝ። ወርቂቱ ልጅቷ ከሞተች ወዲህ ዓሣው ወዳለበት ክፍል እግሯን አላነሳችም።

ክረምቱ ሲከብድ ዓሣው ታመመ። ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስል ነጭ ነጠብጣብ አወጣ፣ ከጥግ አልነቃነቅ አለ። ባልቻ የሰው መልክ አጣ። «ዓሣው ከሞተ እሷ ማንን ብላ ትመጣለች?» አለኝ።

ወሬው ተሰማና ሰዉ እንደ ልማዱ ሊጠይቅ መጣ፣ ሁሉም መድኃኒቱን ይዞ። እኔም ፐርማንጋኔት በወረቀት ጠቅልዬ ሄድኩ። ቁስል ያጥባል፣ ሰላጣ ያጥባል፣ ዓሣ ምን ያደርገዋል? ባልቻ በሩ ላይ ቆሟል። «የኡስማን እናት፣ አመሰግናለሁ። ይዘሽ ተመለሺ።» ብሎ በሩን ዘጋው። በእኔ ላይ! የወንድይፍራውን ጠርሙስ መለሰ፣ የእማማ አትጠገብን ጠበል መለሰ። እሳቸውማ «ይኼ ሰውዬ ለይቶለታል» እያሉ ሄዱ። እኔ ፊቴ እሳት መስሎ፣ በግድግዳው በኩል እንዲሰማኝ ጮክ ብዬ ስሰድበው ዋልኩ። ከወዲያ የሚሰማው ኳኳታው ብቻ ነበር፣ በእነዚያ ቀናት ደግሞ ብሶበት።

በኋላ ራሱ መጥቶ «ነይ እይ» አለኝ። ልክ ልኩን ልነግረው ተዘጋጅቼ ገባሁ። መስታወቱን ከምድጃው አጠገብ አስጠግቶታል። ዓሣው ላይ አንድ ነጠብጣብ የለም፤ ወዲያ ወዲህ ይላል።

«ምን አደረግክለት?»

«ቁንጥር ጨው በብርጭቆ ውሃ አሟሙቼ፣ በጥቂት በጥቂቱ። ሌላ ምንም። ከዚያ በሩን ዘጋሁ።» ዓሣውን እያየ «ዳነ» አለኝ፤ ድምፁ ግን የመርዶ ነጋሪ ድምፅ ነው። «የኡስማን እናት፣ ያኔስ በሩን ብዘጋው ኖሮ?»

ጥቁር አዝሙድ ማንንም አይገድልም ልለው አፌን ከፈትኩ። አልወጣልኝ አለ።

ዞር ስል ወርቂቱ ከኋላችን ቆማለች። መቼ እንደገባች እንጃ፤ ያለውን ግን ሰምታለች። ዓሣውን አየች፣ ባሏን አየች፣ ከዚያ ኡኡታዋን አቀለጠችው። ቆንጅት የሞተች ዕለት እንኳን እንዲያ አልጮኸችም።

ጎረቤቱ ተግተልትሎ መጣ፤ የተዘጋውን በር ገፍተው ገቡ። ወንድይፍራው ከፊት ነበር፣ እማማ አትጠገብ ነጠላቸውን ለለቅሶ አዘቅዝቀው ከኋላ። «ማን ሞተ? ኧረ ማን ሞተ?» ይላሉ። ባልቻ አንገቱን ደፍቷል፣ ወርቂቱ መሬት ላይ ናት። መልስ የሚሰጥ ሲጠፋ እኔ ተናገርኩ።

«ማንም አልሞተም» አልኳቸው። «ዓሣው ዳነ።»