ሁለቱ ጊታሮች አጋሮ ላይ የተደባደቡ ዕለት

ዛሬ ጠዋት አባ ዲጋ ደወሉ። ወንድሜ ነዚፍ ጥርሱን እየቦረሸ ስለነበር ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ። አባ ዲጋ የአጋሮ ቡና ነጋዴ ናቸው፤ ሰላምታቸው አያልቅም። ስለ እናቴ ጤና፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ላማችን ጠየቁኝ (ላም እንኳ የለንም)። ከዚያ «ሀያት ልጄ፣ ቅዳሜ ሁለተኛውን ልጄን ልድር ነው። ባንዳችሁ ይምጣልኝ» አሉኝ። «እነዚያ ሁለቱ ልጆች ግን አሁን ሳይገዳደሉ ይጫወታሉ?» ብለው ጨመሩ። ጩኸቴን ለቀቅኩት። ነዚፍ ሰው የሞተ መስሎት አፉን አረፋ እንደሞላ እየሮጠ መጣ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። ደስታዬ የሚገባው ግን የሆነውን ለሚያውቅ ሰው ብቻ ነው፤ ስለዚህ ልንገራችሁ። መጻፍ እንደምችል የገባኝ በቅርቡ ነው፤ ከገባኝ ወዲህ ደግሞ ማን ያቆመኛል!

ያኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ባንዳችን «ቆርቆሮ» ይባላል፤ ስሙ የመጣው ከምንለማመድበት ቤት፣ ከጎረቤታችን ከጋሽ ተፈራ የእንጨት ሥራ ቤት ጣሪያ ነው። ጅማ ላይ ዝናብ ሲጥል ከቆርቆሮ በላይ መጮህ የሚችለው ሮክ ብቻ ነው ይል ነበር ነዚፍ። ባላለቁ አልጋዎችና በርጩማዎች መሃል የመጋዝ ብናኝ እየማግን፣ አባቶቻችን ልጆች ሳሉ የወጡ የውጭ ዘፈኖችን ከስልክ እየሰማን እናጠናለን። አንደኛውን ጊታር ነዚፍ፣ ሁለተኛውን የጋሽ ተፈራ ልጅ በረከት (ቤኪ ነው የምንለው)፣ ድራሙን ቶሌራ፣ ቤዙን እኔ። ቤዝ የደረሰኝ ማንም ስላልፈለገው ነው። ጥቅሙ ግን መሃል መቆሜ ነበር፤ በቀኝ ጆሮዬ ወንድሜን፣ በግራዬ ቤኪን እሰማለሁ።

ሰው ሁለት ጊታር ሲያይ አንዱ አለቃ፣ ሌላው አጃቢ ይመስለዋል። የእነሱ እንደዚያ አልነበረም። ነዚፍ አንድ ሐረግ ወርውሮ ዝም ይላል፤ ቤኪ ይቀበለውና አጣሞ፣ ስድብ ጨምሮበት ይመልስለታል። መንዙማ ላይ አንዱ ሲያወርድ ሌሎቹ እንደሚቀበሉት ማለት ነው፤ ልዩነቱ፣ እዚህ ተቀባዩ እሺ የሚል ሰው አይደለም። በልጅነታቸው በድንጋይ የተፈናከቱ ናቸው። የቤኪ ግንባር ላይ ያለው ጠባሳ የነዚፍ ሥራ ነው፤ የነዚፍ የተሸረፈ ጥርስ የቤኪ። ጊታር ሲይዙ ድብድቡ ወደ ክሩ ተዛወረ እንጂ አልቆመም። አንዳንዴ ቤኪ የሚመልሰው መልስ እንደ ጥፊ ስለሚጮህ እኔ ራሴ ጉንጬን እይዝ ነበር።

ድብድቡን ሙዚቃ ያደረገው ግን ችግር ነው። አምፕሊፋየራችን አንድ ብቻ፣ ያውም አሮጌ። ሁለቱም ጊታሮች እዚያው ላይ ይሰካሉ። አብረው ከጮሁ ስፒከሩ እንደታነቀ ፍየል ይንተፋተፋል። ስለዚህ ሕግ ወጣ፦ የአንዱ እጅ ሳይነሳ የሌላው አይወርድም። መከባበር እንዳይመስላችሁ። ያከባበራቸው ስፒከሩ ነው።

አባ ዲጋ የመጀመሪያ ልጃቸውን ሲድሩ ጠሩን። ቡና ተለቅሞ ያለቀበት ሰሞን ነበር። ነዚፍ በስልክ «አባ ዲጋ፣ ማሎ፣ እባክዎ፣ እዚያ አምፕሊፋየር ሁለት ይሁንልን» ብሎ ለመናቸው። እሳቸው ምን እንደሆነ ሳያውቁት «ለምን ሦስት አይሆንም!» አሉ። ሁለት ተገኘ። ቤኪ ሲሰማ ደስ ብሎት ነዚፍን ትከሻው ላይ በቡጢ መታው። የደስታቸው ልክ ያ ነበር።

ድራሙን በፍራሽ ጠቅልለን በአይሱዙ ጀርባ ሄድን። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ቡና በማድረቂያ አልጋው ላይ ተሰጥቷል፤ የታጠበው ቡና ገለባ ሽታ፣ ጎምዛዛና ጣፋጭ፣ እስከ አጋሮ ድረስ አልለቀቀንም። እናቴ የቋጠረችልንን ሳምቡሳ ሁለቱ እየተነጣጠቁ በሉት። የመጨረሻዋን ቤኪ ዋጣት።

«የኔን ድርሻ እኮ ነው የበላኸው!»

«ሶሎ ላይ ትበላኛለህ፣ ኦቦሌሳ» አለው ቤኪ አፉን እየጠረገ። ወንድሜ ማለቱ ነው። ሳቅን።

ሰርጉ የአባ ዲጋ ቡና ማስጫ ግቢ ውስጥ ነው። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ሲሚንቶው ግሏል፤ ሽማግሌዎቹ ዳሱ ሥር፣ ወጣቱ ፀሐይ ላይ። መድረኩን በእንጨት ሠርተውታል፤ ከግራና ከቀኝ፣ የልጅ ቁመት ያላቸው፣ የሚያብረቀርቁ ሁለት አምፕሊፋየሮች ቆመዋል። ነዚፍ የራሱን ዳበሰው። ቤኪም የራሱን ዳበሰው። ሁለቱም ፊታቸው ላይ ያየሁትን ነገር አልወደድኩትም።

የመጀመሪያው ዘፈን ላይ ነዚፍ በክንዱ የነካ መስሎ ድምፁን ከፍ አደረገ። ቤኪ አየው። መስሎ እንኳን ሳያደርግ፣ ዞር ብሎ የራሱን ጨመረ። በሁለተኛው ዘፈን ውሾቹ ግቢውን ለቀው ወጡ። በሦስተኛው የኔን ቤዝ እኔም አልሰማሁትም፤ ሆዴ ውስጥ ብቻ ይደልቃል። ከዚያ የራሳችን ዜማ መጣ፤ ያ ተወርውሮ የሚቀበሉት። ነዚፍ ወረወረ። ቤኪ ሊመልስ እጁን ሲያወርድ ነዚፍ አላቆመም፤ በላዩ ላይ ሄደበት። የሚንተፋተፍ ስፒከር የለማ! ቤኪ ጠበቀ። ነዚፍ ደገመው። ሲሠልስ ቤኪ እየተጫወተ ተሻግሮ ሄደና የነዚፍን ገመድ ከአምፕሊፋየሩ ላይ ነቀለው።

ጊታሩ በነዚፍ እጅ ላይ ሞተ። ወንድሜ ጊታሩን በአንገቱ ይዞ ወዘወዘው፤ ጫፉ የቤኪን ቅንድብ አገኘው። ደሙ ወዲያው ወረደ፤ የቤኪ ነጭ ጊታር ላይ ሲንጠባጠብ አየሁት። ቤኪ አልጮኸም። የነዚፍን የጊታር ማንገቻ ይዞ አንገቱ ላይ ጠመዘዘበት፤ ወንድሜ ፊቱ እንደበሰለ ቡና ቀላ፣ ከዚያ ጠቆረ። በቡጢ ሆዱን፣ በጉልበት ወገቡን፣ በጭንቅላት አፍንጫውን። የሚወድቅ ሥጋ እንጂ ልጆች አይመስሉም ነበር።

ሕዝቡስ? አጨበጨበ! ወላሂ አጨበጨበ። አጋሮ ከዚያ በፊት ሮክ ባንድ አላየም፤ ሮክ ማለት ይሄው መሰላቸው። «እንዲህ ነው እንጂ!» ይላሉ፤ ሴቶቹ እልል ይላሉ። ቶሌራ ያንን ሰምቶ፣ ባልታወቀ ምክንያት፣ ድራሙን አፈጠነው። የሙሽራው አጎት እየጨፈሩ መድረኩ ላይ ወጥተው፣ በማነቂያ የተያዘው ወንድሜ ግንባር ላይ ብር ለጠፉለት። እኔ «አቁሙ! የእውነት ነው!» እላለሁ፤ ማይክ የለኝም። ከፊት የነበሩት ጎረምሶች በጨዋታ ሲገፋፉ አንዱ የእውነት መታ፤ ሌላው ወንበር አነሳ፤ ወንበሩ በሰው ራስ ላይ አልፎ አንደኛውን አምፕሊፋየር ገጨው፤ እሱም እንደተገነደሰ ዛፍ ወደ ሰው ወደቀ። አሁን ግማሹ ይጨፍራል፣ ግማሹ ይደባደባል፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ እግዜር ይወቅ።

ቤኪ ከመድረኩ ወደ ሲሚንቶው ወደቀ። ግራ እጁ፣ ክሩን የሚጫንበት እጅ፣ መሬት ላይ ተዘርግቷል። ነዚፍ ዘሎ ወረደ፤ ጫማው እዚያ ላይ አረፈ። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል ቀጭን እንጨት ሲሰበር ሰማሁ። ከዚያ ቤኪ ጮኸ፤ ያኔ ብቻ ጨዋታ እንዳልነበረ ለሕዝቡ ገባው። ጭብጨባው ቆመ። ድራሙ ቆመ።

«ያ ኢጆሌ!» አሉ አባ ዲጋ፣ እናንተ ልጆች፣ ከዳሱ ሥር ተነስተው። «እኔ እኮ የዘፈኑ ክፍል መስሎኝ ነው!»

ከእንግዶቹ መሃል የነበሩ ወጌሻ መጡና አጥንቱን መለሱለት፤ ቤኪ የራሱን ማንገቻ ነክሶ ያለቅሳል። ነዚፍ ጥግ ቆሟል። ብሩ ከላቡና ከደሙ ጋር ግንባሩ ላይ ተጣብቆ አልወደቀም፤ መኖሩንም አላወቀም።

እንደመጣነው በአይሱዙው ተመለስን። በማግስቱ ጋሽ ተፈራ በእኛና በእነሱ ግቢ መሃል፣ ከዚያ በፊት ኮባ ብቻ የነበረበት ላይ፣ የቆርቆሮ አጥር መቱ። ቀኑን ሙሉ መዶሻ ሰማን። እናቴ ሽማግሌ ላከች፤ ጋሽ ተፈራ አብልተው አጠጥተው ሸኟቸው። ቤኪ ወጥቶ «ይቅር ብዬዋለሁ። አልጫወትም ግን» አለ። ከዚያ ወዲህ ትንሿ ጣቱ አትታጠፍም።

ነዚፍ ሌላ ጊታሪስት ፈለገ፤ ከመጡት ጋር ሲሞክር ቸኮለባቸው፣ ዘገየባቸው፣ ተዋቸው። እኔም ባንዳችን ሞቷል ብዬ ቤዙን ቁምሳጥን ላይ ሰቀልኩት። ነዚፍ ግን ከአስር ሰላት በኋላ በረንዳ ላይ ብቻውን ይጫወታል። እናቴ «ሀያት፣ ምነው ይሄ ልጅ እያቋረጠ? ክሩ ተበላሸበት እንዴ?» ትለኛለች። አልተበላሸም። ነዚፍ የራሱን ሐረግ ይወረውርና እጁን ያነሳል፤ የቤኪ መልስ የሚፈጀውን ያህል በእግሩ መሬት እየመታ ይጠብቃል፤ ከዚያ ይቀጥላል። ቦታውን ለማንም አልሰጠም። ያንን ዝምታ ለረጅም ጊዜ ሰማሁት፤ ከሰማኋቸው ዘፈኖች ሁሉ ያንን ያህል የከበደኝ የለም።

ባለፈው ክረምት፣ ዝናቡ ጋብ ባለበት አንድ ከሰዓት፣ ነዚፍ እጁን ሲያነሳ ከቆርቆሮው ማዶ መልስ መጣ። ሻካራ ነው። ጣት ይጎድለዋል። ሊል የፈለገውን ግማሽ ነው ያለው። ነዚፍ ምን እንዳደረገ ገምቱ፤ ድንጋይ አንስቶ አጥሩ ላይ ወረወረ!

«ምንድነው እሱ? ዶሮ ነው የምታርደው?»

«ጣቴን የሰበርከው አንተ! ዶሮህን ብላ!» አለ ማዶው፤ ድንጋዩም ተመልሶ መጥቶ የውሃ በርሜላችንን ሰረጎደው።

«ድገመውና ስማው፣ እንዴት እንደሚያስጠላ!»

ደገመው። ነዚፍ መለሰለት። እያለቀሰ ነበር፤ እኔ ሳየው ፊቱን አዞረ። ሐረግ ይሄዳል፣ ስድብ ይከተላል፣ ድንጋይ ይከተላል፤ የአንዱ እጅ ሳይነሳ ግን የሌላው አልወረደም። ቤኪ የማትታጠፈዋን ጣት ትቶ በሦስቱ አዲስ መንገድ አበጅቷል፤ መልሱ ድሮ ከሚመልሰው የበለጠ ክፉ ነው። ጋሽ ተፈራ መዶሻ ይዘው ብቅ ሲሉ አሁን ነዚፍን ሊፈልጡት ነው ብዬ ነበር። «ቆርቆሮዬን በድንጋይ ልትጨርሱት ነው» ብለው፣ እያጉረመረሙ፣ አንዱን ነቅለው ሄዱ። አንዱን ብቻ። ሌሎቹ አሁንም አሉ።

ቤኪ በቀዳዳው ገብቶ መጀመሪያ የተናገረው «አምፕሊፋየር አንድ። ሁለተኛ ካየሁ በመጥረቢያ ነው» የሚል ነው። ነዚፍ «ሀዬ» አለው። እሺ ማለት ነው። አልተቃቀፉም።

ዛሬ ጠዋት ለአባ ዲጋ የሰጠሁትም መልስ ይሄው ነው፦ ይጫወታሉ፣ በአንድ አምፕሊፋየር። አባ ዲጋ «ሰርጉ የሁሉም ነው፤ የምታውቂውን ሁሉ ጥሪ» አሉኝ። የማውቀው ይህን የሚያነበውን ሁሉ ነው፤ ስለዚህ ኑ። ቅዳሜ ከሰዓት፣ አጋሮ፣ የአባ ዲጋ ቡና ማስጫ ብላችሁ ጠይቁ፤ ባጃጁ ሁሉ ያውቀዋል። የተኳረፋችሁት ሰው ካለ ይዛችሁት ኑ። ታረቁ የሚላችሁ የለም። ከመድረኩ ፊት አጠገብ ለአጠገብ ቁሙ፤ ጩኸቱ ከባድ ስለሆነ መነጋገር አይጠበቅባችሁም።