የብረቶቹ ትውውቅ

አጎቴ ኤሌክትሪሺያን ነበሩ፤ እኔ ደግሞ ረዳታቸው። አሰላ ውስጥ የመዋኛ ገንዳ ሲሠራ፣ ዳር ዳሩ ላይ ኮንክሪት ከመደፋቱ በፊት በኦሮምኛ «ወል በረኒሩ?» ብለው ይጠይቁኝ ነበር፤ «ተዋውቀዋል?» ማለታቸው ነው። የሚጠይቁት ስለ ብረቶቹ ነው። መሰላሉ፣ የእጅ መደገፊያውና ከወለሉ ሥር ያለው ፌሮ በመዳብ ሽቦ እርስ በርስ ካልተያያዙ አጎቴ ሥራውን ያስቆሙ ነበር።

«ኤሌክትሪክ ካመለጠ፣ ያልተዋወቁትን ብረቶች የሚያስተዋውቃቸው መሀላቸው የገባው እርጥብ ሰው ነው፤ በእሱ በኩል ያልፋል» ይሉኝ ነበር።

አጎቴ ካረፉ በኋላ የመጀመሪያውን ገንዳ ብቻዬን ሠራሁ። ሽቦውን አስሬ ስጨርስ እንደ ልማዴ ጥያቄያቸውን ጠበቅኩ። አብሯቸው ይሠራ የነበረው ግንበኛ አካፋውን ተደግፎ አየኝና፣ «ወል በረኒሩ?» አለኝ።

«ተዋውቀዋል» አልኩት። ኮንክሪቱ ተደፋ።

አሁን እዚያ የሚዋኙት ልጆች አጎቴን አያውቋቸውም። መሰላሉን ግን በእርጥብ እጃቸው ሳይፈሩ ይይዙታል።