አንዴ ብቻ የተጠየቅነው ቤት

ባሌ ግርማ ባለጌ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እዚህ ጀርመን አገር፣ ሆክስት ሰፈር፣ ምድር ቤት ውስጥ እኖር ነበር። ምን ያደርጋል፣ ጨዋ ነው! ጨዋ ሲባል ደግሞ ዝም ብሎ ጨዋ እንዳይመስላችሁ። ይሉኝታ አጥንቱ ድረስ የገባ ሰው ነው፤ ዕዳው ግን ሁልጊዜ እኔ ላይ ነው የሚወድቀው።

የምንኖረው ግሪስሃይም ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለውም። ድሮ ስንገባ ደረጃው ምኔም አልነበረም፤ ልጄን ሕሊናን በአንድ እጄ፣ ዘንቢሌን በሌላው ይዤ እሮጥበት ነበር። ኋላ ዕድሜዬን በሙሉ ሆስፒታል ወጥ ቤት ስቆም ኖሬ ጡረታ ስወጣ ጉልበቴም አብሮኝ ጡረታ ወጣ። መውረዱስ ይሁን፣ መውጣቱ ነው የሚገድለኝ። ስለዚህ አልወርድም። ቤተ ክርስቲያን ከሳምኩ ስንት ጊዜዬ ነው! አሥመራ ያደገችው ጓደኛዬ ጽገ «ነዪ፣ ሽቫንሃይም ጫካው ዳር ትንሽ እንንሸራሸር» እያለች ስትጠራኝ ከረመችና በመጨረሻ ሰለቻት። እኔ መስኮት ላይ ቁጭ ብዬ ትራሙን አያለሁ።

ግርማ እዚህ አገር የመጣው ለትምህርት ነው። ፊዚክስ ያጠና ነበር። አገር ቤት ነገሩ ሲበላሽ መመለሻ አጣና መድኃኒት ፋብሪካ ገባ። አለቃው ጠርቶ «የቀን ሥራ ተገኝቷል፣ ትፈልጋለህ?» ሲለው ምን ቢል ጥሩ ነው? «ኧረ ለሌላ ሰው ይሁን፣ እኔ ለምጄዋለሁ።» አለቃውም «እሺ» ብሎ ለሌላ ሰጠ። በቃ፣ እስከ ጡረታው ድረስ የሌሊት ፈረቃ! ጀርመን ቤት ለእራት ከተጠራን ገና ሳህኑ ሲዘረጋለት «በቃኝ፣ በልቼ ነው የመጣሁት» ይላል። ሳህኑ ይመለሳል። ቤት ስንገባ ኮቱን ሳያወልቅ «የሺ፣ የሚበላ ነገር አለ?» ይለኛል። እኛ ዘንድ እኮ እምቢ ማለት «ለምኑኝ» ማለት ነው። «በሞቴ» ይባላል፣ ይጎረሳል፣ ያኔ ይበላል። ጀርመን ማን ሞተ ብሎ ነው በሞቴ የሚልህ!

ቤቱን ያገኘችልን ሕሊና ናት። ኒደርራድ ቢሮ ትሠራለች፤ ምሳ ሰዓቷን ሁሉ ቤት በመፈለግ ጨረሰችው። አንድ ቀን ደውላ «እማዬ፣ ቴርሚን አግኝቻለሁ፣ ለማየት ተዘጋጂ» አለችኝ፤ ቀጠሮ ማለቷ ነው። አሮጌው ሆክስት ውስጥ፣ ወደ ማይን ወንዝ በሚወስደው ቀጭን መንገድ ላይ ያለ፣ እንጨቱ ከግድግዳው ውጭ የሚታይ የጥንት ቤት ነው። ሰዉ የማመልከቻ ወረቀቱን ታቅፎ እስከ ጥጉ ድረስ ተሰልፏል። ወጣቱ፣ እርጉዟ፣ ባለ ከረባቱ፣ ሁሉም። እኔ ግን ቤቱን ሳይ ሰልፉን ረሳሁት። ተራችን ሲደርስ ከመንገዱ ወደ ቤት እግሬን እንኳ ሳላነሳ ገባሁ! ወጥ ቤቱ ወደ ጓሮ የሚያይ መስኮት አለው። አልጋዬን የት እንደማደርግ እዚያው ቆሜ ወሰንኩ። አከራይዋ ፍራው ዲትማር፣ ወይዘሮ ዲትማር እንደ ማለት ነው፣ ከላይ ነው የሚኖሩት፤ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ወጣት ሙዚቃ እየከፈተ አስቸግሯቸው «ረጋ ያለ ሰው ነው የምፈልገው» አሉ። ግርማን አዩት። ከግርማ የረጋ ሰው ከየት ይመጣል!

እኔን ያን ቀን ቤታችን ስመለስ የወጣሁት ደረጃ ጉልበቴን አሳብጦ አልጋ ላይ ጣለኝ። ፍራው ዲትማር ደውለው «ማክሰኞ ብቅ በሉ፣ እንነጋገር» ሲሉ መሄድ አልቻልኩም። ሕሊና ሥራ ላይ ናት። ግርማ ብቻውን ሄደ። ሸሚዙን ተኮስኩለት። እንዳታረፍድ አልኩት፣ ጫማህን ጥረግ አልኩት፣ ስለ ፖለቲካ አንዲት ቃል እንዳታወራ አልኩት። ያልመከርኩት ነገር አንድ ብቻ ነው።

ፊቱ በርቶ ተመለሰ።

«እንዴት ሆነ?»

«ደስ የሚሉ ሴት ናቸው። ኬክ አቀረቡልኝ።»

«በላህ?»

«አይ፣ በቃኝ አልኩ። አነሱት።»

 «ከዚያስ?»

«አንዲት ልጅ ያላት ሴት ቤቱን አጥብቃ ትፈልገዋለች፣ እኔ ግን ለእናንተ ብሰጥ እመርጣለሁ አሉኝ። በእርግጥ ትፈልጉታላችሁ ወይ ብለው ጠየቁኝ።»

«እሺ፣ አንተ ምን አልክ?»

«ኧረ ግድ የለም፣ ልጅ ያላት ትቅደም፣ እኛ ቤት አለን፣ እንደምንም እንኖራለን አልኳቸው።» ይህን ሲል ፈገግ አለ። «ልባቸው እንዴት እንደተነካ ብታዪ! እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት። እንዲህ ያለ ሰው አላየሁም አሉኝ። ቤቱ የእኛ ነው፣ የሺ!»

ጮህኩ። እውነቴን ነው፣ ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ ጮህኩ። «አንተ ሰውዬ! ቤቱን እኮ ሰጠሃት!»

«ምን ያስጮህሻል? ይደውላሉ። ሰው እንዴት በአንድ ቃል ይለያያል? እሳቸው ደግመው ደውለው ‹የለም፣ እናንተው ናችሁ› ይላሉ፣ ያኔ እሺ እላለሁ።»

«በማን አገር?!»

 እሱ ግን ስልኩን አጠገቡ አድርጎ ቁጭ አለ፤ እንዲደውሉለት! «አንተው ደውል» ስለው «ነውር ነው፣ ቤት ለመቀማት የቸኮልን ያስመስላል» አለኝ። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፣ አንገቱን ባንቀው ደስታዬ ነበር። ሕሊና ከሥራ መጥታ ስትሰማ ቦርሳዋ ከእጇ ወደቀ። ከአባቷ ጋር ስትጣላ በጀርመንኛ ነው፣ ያን ቀንም በጀርመንኛ ጮኸችበት፤ «ፓፓ፣ አልፈልግም እኮ ነው ያልከው!» ነው የምትለው። ደወለች፣ አይነሳም። ደግማ ደወለች፣ አይነሳም። ግርማ አሁን ገና ገባው መሰለኝ፣ ፊቱ አመድ መሰለ።

በማግስቱ ጠዋት በስልክ የሚሆን ነገር አይደለም ብዬ ራሴ ተነሳሁ። ግርማ ልከተልሽ ቢለኝ «እዚያው ቁጭ በል፣ ደግሞ ሌላ ነገር ትሰጣለህ!» ብዬው መደገፊያውን ይዤ አንድ በአንድ ወረድኩ። በኤስባን ባቡር ሆክስት ደረስኩ። የዚያ ቀጭን መንገድ ጥርብ ድንጋይ ጉልበቴን አንድዶታል።

ፍራው ዲትማር ከላይ ወርደው በሩን ሲከፍቱ ደነገጡ። ጀርመንኛዬ የወጥ ቤት ጀርመንኛ ነው፣ ያን ቀን ግን ንዴት አናገረኝ።

«ባሌ ቤቱን ይፈልገዋል» አልኳቸው።

«እሳቸው እኮ አንፈልግም አሉኝ።»

«በእኛ ዘንድ መጀመሪያ እምቢ ይባላል። ከዚያ እርስዎ ይለምኑታል። ከዚያ እሺ ይላል።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ስንት ጊዜ ነው የምለምነው?»

«ሁለቴ፣ ቢበዛ ሦስቴ።»

«ፍራው የሺወርቅ» አሉ መነጽራቸውን እየጠረጉ። «እኔ ሰው አልፈልግም ካለኝ አይፈልግም ብዬ አምነዋለሁ። ማክበር ማለት ማመን መስሎኝ ነበር። እኔ የፈለግሁት እኮ እናንተን ነው። ሴትየዋ ግን ትናንት ማታ መጥታ ፈረመች።»

 ልክ ናቸው። ልክ መሆናቸው ነው ይበልጥ ያነደደኝ። የምጣላው ሰው እንኳ አጣሁ። በተከፈተው የምድር ቤቱ በር ያን መስኮት እንዳላይ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ ተሰናበትኩ።

ግሪስሃይም ስመለስ ግርማ ከወጥ ቤታችን ወንበር ጋር ደረጃው ሥር ቆሟል። ፊቴን ሲያይ ገባው። አንደኛው ፎቅ ድረስ ደግፎ አወጣኝ፣ ወንበሩን አመጣ፣ ተቀመጥኩ። ሁለተኛው ላይ ስንደርስ ጉልበቴ እምቢ አለ። በቃ፣ አልታጠፍም አለ። «አልችልም» አልኩት። መጀመሪያ ከንዴት፣ ኋላ ከሕመም እንባዬ መጣ። እሱ ደግሞ ልቡን ይታመማል፣ ብቻውን ሊያነሳኝ አይችልም። ሁለታችንም እዚያው ተቀመጥን፣ እኔ ወንበሩ ላይ፣ እሱ ደረጃው ላይ።

ያን ጊዜ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖረው ክሮኤሺያዊ የአውቶቡስ ሹፌር ከሥራ ሲመለስ ደረሰብን። ቆም ብሎ አየንና ግርማን «ላግዛችሁ?» አለው።

ግርማ አፉን ከፈተ። ምን ሊል እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፤ ስሰማው ነው የኖርኩት። ቀና ብሎ ፊቴን አየኝና ከንፈሩን ነከሰ።

«አዎ፣ እባክህ» አለው።

አንዱ ከግራ፣ አንዱ ከቀኝ ወንበሩን ከነእኔ አነሱት። ሰውዬው እያንጎራጎረ ያወጣኛል፣ ግርማ ያለከልካል። ከላይ ሆኜ ሽበቱን አየሁት። ዝም ልል ነበር፣ አልቻልኩም።

«ግርማ።»

«ወይ?»

«ይህቺን አዎ ማክሰኞ ብለሃት ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ ቤቴ በእግሬ እገባ ነበር።»

ግርማ ወንበሩን አጥብቆ ይዞ ቀጣዩን ደረጃ ወጣ።