ማንም ሳይቀሰቅሰኝ የነቃሁበት ጠዋት

የተወደዳችሁ ወገኖች፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ጥሩወርቅ እባላለሁ፤ የመጣሁት ከመርሳ ነው። ለምስክርነት እጄን ያወጣሁት ጌታ ያደረገልኝን ይዤ ዝም ማለት ስላልቻልኩ ነው። ዛሬ ወልድያ የገባሁት በመጀመሪያው ሚኒባስ ነው። እዚህ በር ላይ ስደርስ ዘበኛው ገና ቁልፉን ይፈልግ ነበር። ይህን የምናገረው እየኮራሁ ነው፤ የምኮራው በጌታ ነው፣ ስሙ ይክበር። ታሪኬን ስትሰሙ እናንተም አብራችሁኝ ትኮራላችሁ።

ወገኖቼ፣ እኔ ጠዋት መንቃት የማልችል ሴት ነበርኩ። ትንሽ ልተኛ፣ ትንሽ ልጨምር የሚባለው ዓይነት አይደለም። ቤቱ በላዬ ላይ ቢፈርስ የማልሰማ ነበርኩ።

ልጃገረድ ሳለሁ እንዲህ አልነበርኩም። ያደግሁት ከመርሳ ወጣ ብሎ፣ ሀብሩ ገጠር ውስጥ ነው። ጎህ ሳይቀድ ውሃ ቀድቼ የምመለስ ልጅ ነበርኩ። አግብቼም መርሳ ከተማ ስገባ ደህና ነበርኩ። እንቅልፉ የመጣው የመጀመሪያ ልጄን፣ ሰላምን ከወለድኩ በኋላ ነው። መጀመሪያ "አራስ ናት፣ ደክሟት ነው" ተባለልኝ። ልጅቷ ድክ ድክ ማለት ስትጀምርም ግን እኔ እዚያው አልጋዬ ላይ ነኝ። የመርሳን ሙቀት ታውቁታላችሁ። ፀሐይ ቆርቆሮውን አግላው ሰው ሁሉ ጥላ ሲፈልግ፣ እኔ ጋቢ ተከናንቤ እተኛለሁ። ስነሳም ምንም ያልተኛሁ ያህል ነው፤ እግሬን ከመሬት ማንሳት ያቅተኛል።

ባለቤቴ አራጋው ያኔ በወልድያ መንገድ ሲሪንቃ፣ በምርምር ጣቢያው የማሽላ ሙከራ ማሳ ላይ ወፍ ይጠብቅ ነበር። ወፍ ከፀሐይ ጋር ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ ጨለማው ሳይገፈፍ ይወጣል። ሞባይል መርሳ በገባ ሰሞን ለእኔ ብሎ አንድ ገዛ፤ ጠዋት እንዲጮህ ሞልቶ ጆሮዬ ሥር ያስቀምጠዋል። ጎረቤት ሁሉ በዚያ ጩኸት ይነሳል፣ እኔ አልነሳም።

የአራጋው እናት፣ እማማ ደብሪቱ፣ ከእኛው ጋር ነበር የሚኖሩት። በዶሮ ጩኸት ተነስተው ጸሎታቸውን የሚያደርሱ ጠንካራ ሴት ናቸው። መጀመሪያ በፍቅር ነው የቀሰቀሱኝ። ትከሻዬን ይዘው "ጥሩ፣ ነጋ እኮ ልጄ" ይሉኛል። እኔ "እሺ እማማ" እላለሁ አሉ፤ እኔ ግን ማለቴን አላስታውሰውም። በዚያ በደከመ ጉልበታቸው ዳገት ወጥተው ጠበል ወስደውኛል፤ ያን ፍቅራቸውን ዛሬም አልረሳም። ለውጥ ሲያጡ ግን ተስፋ ቆረጡ። ሰውም ማውራት ጀመረ። የሴቶች ልማት ቡድን ስብሰባ ጠዋት ስለሚጠራ እኔ ሁልጊዜ ቀሪ ነኝ። "የአራጋው ሚስት መንፈስ የተጫናት ናት" ይሉኝ ነበር። የባሰባቸው ደግሞ "ሰነፍ ናት፣ ሌላ ምንም የለባትም" ይላሉ። ስም ወጣልኝ፣ ስሙንም ለበስኩት።

አሁን ወደ ክፉው ቀን ልምጣ።

እማማ ደብሪቱ ለለቅሶ ገጠር ሄደው ነበር። አራጋው እንደ ልማዱ በሌሊት በሩን ገርበብ አድርጎ ወጥቷል። ሰላም ተነሳች፣ በሩን ገፋችና ወጣች። ቤታችን ከዋናው አስፋልት ብዙ አይርቅም። ያ መንገድ ከአዲስ አበባ መቀሌ የሚመላለሰው ከባድ መኪና የሚበርበት ነው።

ሼህ ሙሄ የሚባሉ ጎረቤት አሉን። ከሱብሂ ሰላት ሲመለሱ ሰላም አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ በጠጠር ስትጫወት አገኟት። አቅፈዋት መጡ። ደጅ ላይ ቆመው ተጣሩ፣ እኔ የለሁም። ቢቸግራቸው የሺ የምትባለውን ልብስ ሰፊ ጎረቤታችንን ጠሩና እሷ ገብታ ፊቴ ላይ ውሃ ደፋችብኝ። ዓይኔን ስገልጥ ልጄን በሼህ ሙሄ ክንድ ላይ አየኋት። እግሯ የአስፋልት አቧራ ለብሷል። ከየት እንደመጣች ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ።

ደጃችን ላይ ሰው ተሰብስቦ ነበር። ሼህ ሙሄ ወደ ሰዉ ዞሩና "አላህ ጠብቋታል፣ አልሐምዱሊላህ። ዛሬ እናቷን ማንም ክፉ ቃል እንዳይናገራት" አሉ። ሰዉም አንድ በአንድ ተበተነ። እኔ ግን ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

እማማ ደብሪቱ ሲመለሱ ሰሙ። አልጮኹም። ነጠላቸውን አጣፍተው ቁጭ አሉና ለልጃቸው "እኔ ሰላምን ይዤ ወንድሜ ዘንድ ገጠር እገባለሁ። አንተም ሽማግሌ ጥራና ስለ ትዳርህ አስብበት" አሉት። ኋላ ብቻችንን ስንሆን አራጋው "ጥሩ፣ ምን ላድርግሽ? ንገሪኝና ላድርገው" አለኝ። ልጄ ልትወሰድ ነው፣ ትዳሬ ሊፈርስ ነው፤ እኔ ደግሞ ያን እያሰብኩ እንኳ እንቅልፌ ይመጣል።

የሺ አማኝ ናት። ጥቂት ወገኖች እሷ ቤት እየተሰበሰቡ ይጸልዩ ነበር። በማግስቱ መጥታ እጄን ያዘችኝና "ነይ፣ አብረሽን ተቀመጪ፤ ምንም በይ አንልሽም" አለችኝ። ሄድኩ። የሚያስተምረው ወንድም ስለ አንዲት ልጅ አወራ፤ ሰው ሁሉ ሞታለች ብሎ ሲያለቅስ ጌታ ተኝታለች ብሎ፣ እጇን ይዞ ስላስነሳት ልጅ። ወገኖቼ፣ እኔ ስለ እንቅልፍ ከሰው አፍ ስድብ ብቻ ነበር የማውቀው። የተኛችውን ሳይሰድብ እጇን የሚይዝ ጌታ እንዳለ ያን ቀን ሰማሁ። እንባዬ መጣ። "ይህን ጌታ እፈልገዋለሁ" አልኩ። ጸለዩልኝ፣ ሕይወቴን ሰጠሁት። ጌታ ይባረክ። ደረቴ ላይ የነበረው ድንጋይ እዚያው ወረደልኝ።

ታዲያ በማግስቱ ምን የሆንኩ ይመስላችኋል? ተኛሁ። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ነው የተነሳሁት። እማማ ደብሪቱ ጓዛቸውን እየሸከፉ "ጸለዩልሽ አሉኝ። ታዲያ የታል?" አሉኝ። ሊያፌዙብኝ አልነበረም፤ ከልባቸው ነው የጠየቁኝ። እያለቀስኩ የሺ ዘንድ ሮጥኩ። "ጌታ አልሰማኝም" አልኳት።

የሺ የስፌት መኪናዋን አቆመች። "ሰምቶሻል" አለችኝ። "በየትኛው መንገድ እንደሚፈውስሽ ግን አንቺ አትመርጪለትም። ጠበል ሄድሽ፣ ጸሎት ሄድሽ። ሐኪም ቤት ሄደሽ ታውቂያለሽ?" አልሄድኩም ነበር። ለእንቅልፍ ማን ሐኪም ቤት ይሄዳል? "እንግዲያው እኔ እወስድሻለሁ፤ እየጸለይን እንሄዳለን" አለች። እማማ ደብሪቱንም ለምና ጉዟቸውን አዘገየችው።

ወልድያ ወጣት ሐኪም ነበር ያየኝ። ገና ስቀመጥ ጋቢዬን አየና "ይበርድሻል?" አለኝ። "ሁልጊዜ" አልኩት። "ፀጉርሽ ይረግፋል?" "አዎ።" "ድምፅሽ ድሮም እንዲህ ጎርናና ነው?" ይሄኔ የሺ "ኧረ ድሮ ስትዘፍን ሰፈር ይሰማት ነበር" አለችው። አንገቴን በጣቶቹ ዳሰሰ፣ ምራቅሽን ዋጪ አለኝ። ደሜን ወሰዱና ለምርመራ ወደ ሌላ ከተማ ላኩት።

ውጤቱ ደረሰ የተባለ ቀን አራጋው ከሥራ ቀርቶ አብሮኝ መጣ። እማማ ደብሪቱም "እኔም በጆሮዬ ልስማ" ብለው ሚኒባስ ላይ ወጡ። ሐኪሙ ወረቀቱን አይቶ ሲያበቃ ከእኔ ይልቅ ወደ እሳቸው ዞረ። "እማማ፣ ምራትዎ ሰነፍ አይደለችም። ታማለች" አላቸው። አንገት ውስጥ ያለ እጢ ሰውነትን የሚያነቃ ነገር እንደሚያመነጭ፣ የእኔ ከወሊድ በኋላ እንደደከመ፣ ብርዱም እንቅልፉም ከዚያ እንደመጣ አስረዳቸው። "በየጠዋቱ በባዶ ሆድ አንድ ክኒን ትውጣለች። ምናልባት ዕድሜዋን ሙሉ። ታገሷት፤ ቀስ እያለች ትነቃለች" አለ።

ያን ጊዜ የተሰማኝን በምን ቃል ልንገራችሁ? ሰነፍ አይደለችም። ይህን ቃል ከሰው አፍ ስጠብቅ ስንት ጊዜ ኖሬያለሁ። ስሙ ይክበር፣ ስሜን መለሰልኝ። ስንመለስ ሲሪንቃ ላይ እማማ ደብሪቱ እጄን ያዙና ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። መርሳ እስክንወርድም አልለቀቁትም። የሸከፉትን ጓዝ ያን ቀን ፈቱት።

አንዳንድ ወገኖች "ክኒን የምትውጪ ከሆነ እምነትሽ የታል?" ይሉኛል። እኔ የምመልሰው እንዲህ ነው፤ የሺን ጎረቤት ያደረገልኝ እሱ ነው፣ ሐኪሙን ያስተማረው እሱ ነው፣ ክኒኑንም በስሙ ባርኬ እውጠዋለሁ። አንዲት ቀን አላቋረጥኩም፣ እናንተም ሐኪም የሰጣችሁን አታቋርጡ።

ለውጡ ቀስ እያለ መጣ። መጀመሪያ ጋቢው ከበደኝ። ቀጥሎ ሲጠሩኝ መስማት ጀመርኩ። ከዚያ ያቺ ጠዋት መጣች። ዓይኔ በራሱ ተገለጠ። ጨለማው ገና ሊለቅ ነው፤ የመስጊዱ አዛን ይሰማል፣ ዶሮ ይጮሃል። ይህ ሁሉ ድምፅ በየቀኑ ሲያልፈኝ እንደኖረ ገርሞኝ ተጋድሜ አዳመጥኩ። ጉልበቴ ላይ ወድቄ አመሰገንኩ። አራጋው ሊወጣ ጫማውን ሲያስር አየኝና እጁ ገመዱ ላይ ቀረ። ስንቁን እኔ ቋጠርኩለት። እሳት አያያዝኩ፣ ውሃ ቀዳሁ፣ ደጁን ጠረግሁ።

እማማ ደብሪቱ ተነስተው ሲወጡ ሁሉ ነገር ተሠርቶ አገኙት። ግራ ገባቸው።

"ማን ቀሰቀሰሽ?" አሉኝ።

"ማንም አልቀሰቀሰኝም እማማ።"

"እንግዲያው እኔ ዛሬ ትንሽ ልተኛ" አሉና ተመልሰው ጋደም አሉ። ወገኖቼ፣ እሳቸውን ከፀሐይ በኋላ ተኝተው ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ሰላምን ታቅፌ በራፍ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኋቸው። ሃሌሉያ፣ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ዛሬ መርሳ መናኸሪያ ለጠዋት መንገደኛ ሻይና ዳቦ የማቀርበው እኔ ነኝ። የአዲስ አበባ አውቶቡስ ሳይሞቅ የእኔ ሻይ ይፈላል። ፈተና ያለባቸው ተማሪዎች፣ ሆስፒታል የሚሄዱ ሽማግሌዎች "ጥሩወርቅ ትቀስቅሰን" እያሉ ማታ ደጄ ይመጣሉ። አንድም ሰው መኪና አምልጦት አያውቅም። ባለፈው ሳምንት የመርሳው መጋቢያችን እንኳ ለማለዳ ጸሎት ሲዘገዩብን ሄጄ በራቸውን ያንኳኳሁት እኔ ነኝ። ይኸው እዚህ ተቀምጠዋል፣ እየሳቁ ነው።

እማማ ደብሪቱ በእምነታቸው ጸንተው፣ እኔም በጌታዬ ሆኜ በአንድ ቤት በፍቅር እንኖራለን። አራጋው አምኖ ተጠምቋል። ልጄ በእጄ አለች። ሌላ ምን እፈልጋለሁ? ጌታ ይባረክ።

ከመካከላችሁ መነሳት ያቃተው ሰው ካለ፣ ሰውነቱም ይሁን ነፍሱ፣ ሰው ያወጣለትን ስም ተቀብሎ አይተኛ። ጌታ የተኛውን አይሳደብም፤ እጁን ነው የሚዘረጋው። እመኑት። እዚህ ሰው ፊት እጃችሁን ማውጣት ካፈራችሁ ስወጣ ቤታችሁ የት እንደሆነ ብቻ ንገሩኝ። ዛሬ እህቴ ዘንድ ወልድያ ነው የማድረው፤ ነገ በማለዳ መጥቼ አንኳኳለሁ፣ አብረንም እንጸልያለን።