የቢላ ሞራጁ ጎማ

ባለፈው ቅዳሜ ሶዶ ገበያ ውስጥ የሳይክል ዕቃ የሚሸጥ አንድ ጎልማሳ የያዝኩትን የተሰነጠቀ ቸርኬ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየና ሳቀብኝ። «እትዬ፣ ይሄ የኮርሳ ጎማ እኮ ነው። እንዲህ ያለ ቀጭን ነገር ዛሬ የለም። ሳይክሉን ለብረት ገዢዎች በኪሎ ይስጡትና ይገላገሉ» አለኝ። ከቦርሳዬ የተቋጠረ ቃጫ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። «ልኩ ይኸውና፣ ፈልግ» አልኩት። «የለም» የሚለውን ቃል ልጅ እያለሁ ስለጠገብኩት ዛሬ ጆሮዬ አይቀበለውም።

ቤታችን ከሶዶ ወጣ ብሎ በሻንቶ መንገድ ላይ ነበር። ኮርሳዋን፣ የእሽቅድምድም ሳይክላችንን፣ አባቴ ከአዲስ አበባ በአውቶብስ ጣሪያ ላይ አስጭኖ ነው ያመጣት። ቀይ ናት፤ መሪዋ እንደ በግ ቀንድ የተጠቀለለ፣ ጎማዋ ከሁለት ጣቴ የማይሰፋ። እሁድ እሁድ ቸርች ስንሄድ ፊት ለፊቱ ብረቱ ላይ ያስቀምጠኝ ስለነበር የካቴናዋ ቅባትና የአባቴ የታጠበ ሸሚዝ ሽታ እስከ ዛሬ አንድ ላይ ነው የሚመጡብኝ። መንዳት ያስተማረኝም እሱ ነው። ኮርቻው ላይ ስለማልደርስ አንድ እግሬን በብረቱ ሥር አሾልኬ፣ ወደ ጎን ተጣምሜ ነበር የምነዳት። ጎረቤቶቻችን «ሴት ልጅ ኮርሳ ላይ!» ይሉ ነበር። ይበሉ! ስሙኝ ለማለት ደወሏን እየደወልኩ ነበር በደጃቸው የማልፈው።

ስድስተኛ ክፍልን በጨረስኩበት ክረምት አጎቴ «ለዛሬ ብቻ» ብሎ ተዋሳትና የድንች ጆንያ መሪዋ ላይ አስሮ ወደ ሁምቦ ወረደ። ለሩጫ የተሠራችን ሳይክል እንደ አህያ! ቁልቁለቱ ላይ ጉድጓድ ውስጥ ገባችና የፊት ጎማዋ ተጣጥፎ፣ በትከሻው ተሸክሟት ተመለሰ። ለሌላው ሰው የተበላሸው ሳይክል ነበር። ለእኔ ግን ትምህርቴ ነው። ሰባተኛ ክፍል ያለው ሶዶ ነበር፤ አባቴም በኮርሳዋ እየተመላለስኩ እንድማር ፈቅዶልኝ ነበር። ኮርሳዋ ከሌለች የሚጠብቀኝ ሶዶ ያለችው አክስቴ ቤት ነው። «ከልጆቼ ጋር ትማራለች» ትላለች አክስቴ። ታላቅ እህቴ አስቴርንም እንዲሁ ብላ ነበር የወሰደቻት። አስቴር ውሃ ስትቀዳ፣ ልጅ ስታዝል፣ ልብስ ስታጥብ ደብተሯ ባዶ እንደሆነ ዓመቱ አለቀና ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤት አልተመለሰችም።

አባቴ ገበያ ሄዶ «ጎማ ጎማ ነው» ሲሉት አምኖ አንድ ወፍራም ጎማ ገዝቶ መጣ። ብንለው ብንለው በሹካዋ መሃል አልገባም አለ። የቀጭኑን ስንጠይቅ በየሱቁ «የለም» ሆነ መልሱ። እናቴ ልብሴን አጣጥፋ በፌስታል ማስቀመጥ ጀመረች። አስቴር ለጊፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ በዓል፣ ቤት መጥታ ነበርና ይህን ስታይ ከጓዳ ቃጫ መዝዛ አመጣች። የተጣጠፈውን ቸርኬ ዙሪያውን ለካን፤ ጫፉ ላይ ጠበቅ አድርጋ ቋጠረችውና በእጄ አስጨበጠችኝ። «ይሄን ይዘሽ ፈልጊ። እኔ ወዳለሁበት ቤት እንዳትመጪ» አለችኝ። እንባዬ መጣ፤ እሷ ግን አላለቀሰችም።

ጊፋታ ሲደርስ በእኛ አገር ሥራ የሚበዛበት ሰው ቢላ ሞራጅ ነው። በሬ ተቃርጠው የሚያርዱ ሁሉ፣ የበርበሬ ማባያው ዳታ ከመፈጨቱ በፊት ቢላቸውን ለጥሬ ሥጋው ያስሞርዳሉ። እናቴ ቢላዎቻችንን አስይዛ ጋሽ ሽኩር ዘንድ ላከችኝ። ጋሽ ሽኩር በዓል በዓል ከሌላ አገር እየመጣ፣ ደንጊያውን በእግሩ በሚረገጥ የሳይክል ጎማ የሚያዞር ቁጡ ሰው ነበር። ሰልፍ ይዤ ሳለሁ ዓይኔ ጎማው ላይ ቀረ፤ ቀጭን ነው። ደንጊያውን ከጎማው ጋር የሚያያይዘው ጠፍር ከቸርኬው ላይ ሾለከና ወደቀ፤ ጋሽ ሽኩር ተሳድቦ መለሰው፤ እንደገና ወደቀ። ጎንበስ ሲል ጠብቄ ቃጫዬን ዙሪያውን አሳለፍኩት። ቋጠሮው ልክ ገጠመ!

ቤት ሮጬ ያን ወፍራም ጎማ በመንገዱ ላይ እያንከባለልኩ ተመለስኩ። ወንዶቹ ሳቁ። «ጋሼ፣ እንለዋወጥ» አልኩት በትምህርት ቤት አማርኛዬ። «የእርስዎ ደንጊያ በየትኛውም ጎማ ይዞራል። ለእኛ ኮርሳ ግን ከዚህ ሌላ አይገባም።»

«ከበዓል በኋላ!» ብሎ ጮኸ።

«ከበዓል በኋላ እርስዎም የሉም፣ እኔም የለሁም።»

ከኋላዬ የነበሩት ጎረቤታችን አባ ዳና «ልጅቱ አንተ፣ ቢላችን ሳይሳል ማን ጎማ ያወልቃል? ሂድ ቤትህ!» ብለው ተቆጡኝ፤ አማርኛ ሲናገሩ ሴቱንም ወንዱንም አንተ ነበር የሚሉት። አልሄድኩም። ጎማዬን ታቅፌ ከደንጊያው ፊት መሬት ላይ ተቀመጥኩ። «ይሄ ሰፊ ነው፣ ጠፍሩ አይወልቅበትም» አልኩ። ወዲያው ጠፍሩ ወለቀ። አባ ዳና ደንጊያውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ በመጨረሻ በወላይትኛ አጉረመረሙና «ቀይርላት በቃ፣ እኛም እንገላገል» አሉት። ጋሽ ሽኩር እየተነጫነጨ ፈታው። በሰፊው ቸርኬ ላይ ጠፍሩ ጸጥ ብሎ ተቀመጠ፤ ሰልፉም መራመድ ጀመረ።

በጊፋታ ማግስት ትምህርት ሲከፈት አባቴ የጋሽ ሽኩርን ጎማ ገጥሞ፣ ካላማዳሪውን ነፍቶ፣ ካቴናዋን ቀብቶ አወጣልኝ። የዳሞታን ተራራ ጉም ሸፍኖት ነበር። በአባ ዳና ደጅ ሳልፍ ደወሉን እስኪሰለቻቸው ደወልኩት። አስቴር አክስቴ ቤት በር ላይ ጀሪካን ይዛ ቆማ ስታየኝ እጇን ብቻ አነሳች። ጠዋትና ማታ እዚያች በር ላይ እየተያየን እኔ ትምህርቴን ጨረስኩ፤ እሷ ጀሪካኑን ይዛ ቀረች። ይህ እስከ ዛሬ ያናድደኛል፤ ደስታዬን በሙሉ ልብ አውርቼው አላውቅም።

ዛሬ ቢላ የሚሞረደው በሞተር ነው፤ ዓይኔን የምጥልበት ጎማ እዚያ የለም። ከቤቴ እስከ ሥራዬ ባጃጅ ሞልቷል። ልጆቼ «እማዬ፣ ያቺን አሮጌ ጣያት» ይሉኛል፤ አልጥላትም። በተለይ ዘንድሮ። አስቴር ልጆቿን አሳድጋ፣ ድራ ጨርሳ፣ ባለፈው ወር ቤቴ መጣችና ግድግዳው ላይ የተሰቀለችውን ኮርሳ ቆማ ስታያት ቆየች። ከዚያ «አስተምሪኝ» አለችኝ። ሳወርዳት ነው ቸርኬው መሰንጠቁን ያየሁት።

ሻጩ ቃጫውን እያገላበጠ «ኧረ ለመሆኑ ማን ሊነዳው ነው?» አለኝ።

«ታላቅ እህቴ።»

«እትዬ ቀልድ ያውቃሉ! ከእርስዎም ትበልጣለች? አይመሽባትም?»

«መሽቶባት ቢሆን እኔን አትልከኝም ነበር» አልኩት። «ልኩን የቋጠረችው እሷ ናት። ያንን መሰላል አምጣና ከላይ ያለውን መደርደሪያ እንየው።»